ረድፍ ሠላሳ አንድ

አንተ ልጅ፣ ዋይሊ ክሬንሾ፣ ባለ ዘጠኝ ቁጥር፣
እስቲ ዛሬ እንኳ ንገረኝ የሆድህን ምስጢር፤
የትኛው ነው ያንተ ክንድ? የትኛው ነው ትክክል?
ያ፣ ኳስ ከሰማይ አውርዶ መዳፍ ላይ የሚተክል?
ወይስ ይሄ፣ ሰው በሌለበት ሣሩን የሚያስስ፣
ለባላንጣ ደረት እንደ ስለት የሚያደርስ?

መስከረም ላይ፣ ከሴንት ኦርሊን ጋር፣
ሰዓቱ ሊያልቅ ዘጠኝ ሰከንድ ሲቀር፣
ግንድ የሚያህሉ ሁለት ሰዎች እግርህን ይዘው፣
እየወደቅህ ወረወርከው።
ስልሳ ያርድ! ሞላላዋ ኳስ ነፋሱን ሰንጥቃ
ቀጭኑ ልጅ እጅ ገባች፣ ቤቷን እንደሚያውቅ አውቃ።
የማላውቀውን ሰው አቅፌ አለቀስኩ፤
የቋሊማዬን ሰናፍጭ ጃኬቱ ላይ ጨረስኩ።

በሳምንቱስ?
በሳምንቱ ከቤልፎርክ ጋር፣ ያውም በሜዳችን፣
ዝናብ የለ፣ ነፋስ የለ፣ ፀሐይ በጀርባችን፣
አምስት እርምጃ ላይ ለቆመው፣ እጁን ላውለበለበው
ለገዛ ጓደኛህ ማቀበል እንዴት ነው ያቃተው
ያ ክንድህ?
ሦስት ጊዜ ተጠለፍክ። ሦስት!
አራተኛውን ዳኛው ማረህ፣ በቢጫ ጨርቅ ምክንያት።

ሰኞ ጠዋት ዊንሮው ከተማ ለሁለት ይከፈላል፤
ፀጉር ቤቱ “ይቀመጥ” ሲል፣ ማደያው “ይሰለፍ” ይላል።
ፓስተር ሆልኩምብ እንኳ ስለ ጠፋው ልጅ ሲሰብኩ
ስላንተ መስሏቸው የኋላ ወንበሮች ሳቁ።

እኔ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ጠጋኝ ነኝ፤
ሞተር ሲታመም በድምፁ ነው የሚነግረኝ።
አንዱ ካንዴላ ይጠቁራል፣ አንዱ ቺንጋ ይላላል፤
ምክንያት አለው፤ ተፈትቶ፣ ታጥቦ ይገጠማል።
አንተ ግን በስንት ቁጥር ቁልፍ ነው የምትፈታ?
ጨርሰህ የማትረባ ብትሆን፣ ባይንጠለጠል ይሄ ልብ፣
ቁርጥ ያጠግብ ነበር፤ ተስፋ ነው የሚያስርብ።
ወንበሬን ሸጬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቅጠል በጠረግኩ፣
ለሚስቴ ቃል የገባሁትን የጓሮ በር ባደስኩ።

አንተ ግን እንዲያም አትምር፤ ተነሥተን ልንሄድ ስንል፣
ኮት ለብሰን ደረጃው ላይ፣ ከኋላ ጩኸት ይነሣል፤
ዞር ስንል ኳሷ አየር ላይ፣ ሽክርክሪቷ ልክክ፤
ተመልሰን ቁጭ! ዳግም ላንተ መንበርከክ።

ባለፈው ቅዳሜ እኔም ጮህኩብህ፤ አልዋሽም።
ድምፄ እስኪሻክር “ውጣ! ውጣ!” አልኩህ፤ አላፍርም።
ትንሽ ግን አፍሬያለሁ። ምክንያቱ ሎሪን ናት፤
አጠገቤ፣ ወንበር አሥራ ሁለት፣ ሰባ አራት ዓመት፣
እርሳስና ደብተር ይዛ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣
ውርወራህን ሁሉ የምትጽፍ፣ በየዓምዱ መዝግባ።
እሷ አትጮህም።
“ይሄ ልጅ አያናድድሽም ወይ?” ብዬ ብጠይቃት፣
ቀና እንኳ ሳትል፣ ከእርሳሷ ጋር እንደምታወራ ሴት፦
“ኤሜት ሐሙስ ዕለት ‘ሎሪ’ አለኝ፣ ድሮ እንደሚጠራኝ፤
‘ፀጉርሽን ተቆረጥሽ?’ ብሎ እንኳ ጠየቀኝ።
ዓርብ ስሄድ ነርሷ መስዬው ውኃ አምጪልኝ አለኝ።
ነገም እሄዳለሁ፤ እንግዲህ ማን ያውቃል” ብላ
“ያልተሳካ” በሚለው ዓምድ አንዲት ጭረት አክላ።

ምን ልበል? ዝም አልኩ። ዝምታዬ ግን አልቆየም፤
አንተ ዋይሊ፣ ለሰው ኀዘን ፋታ አትሰጥም።
ሦስተኛ ሙከራ፣ ሁለት ያርድ ብቻ ሲቀር፣
ሦስት ተከላካይ መሐል ላክሃት፣ ዓይንህን ጨፍነህ በአየር።
ሎሪን ጻፈች። እኔ ቆቤን ወረወርኩ፤
ቆቤ፣ እውነት ለመናገር፣ ካንተ ኳስ ይልቅ ቀንቷት
ሦስት ረድፍ ታች የአንድ ሰውዬ ቢራ ደፋችበት።

ቅዳሜ እመጣለሁ። የሎሪን ደብተር ገና ባዶ ገጽ አለው።
በረዶ ይጥላል ብለዋል፤ ብርድ ልብሷ ለሁለት ይበቃል፣ ሰፊ ነው።
ግን ስማኝ፣ እባክህ፣ ስለ ፈጠረህ፣
በቀኝህ ያ ረጅሙ ልጅ፣ ሰማንያ ስምንት ቁጥር፣ እያየህ!
ብቻውን ነው እኮ።
ለእሱ ስጠው።