ከዜሮና ከአንድ በቀር

የመጨረሻውን ትሮሊባስ ጋራዥ አስገብቶ
ሪማንታስ መጣ፣ በበረዶ ነጥቶ፤
ሳጥኑን በካፖርቱ ሸፍኖ፣
ራሱ በሹራብ ብቻ ሆኖ።
«ኡግኔ፣ የልጄ ኮምፒውተር ነው፣
የጨዋታ። ማታ ድርግም አለ፤ ምን ነካው?»

ከፈትኩት።
ሰማያዊ መብራት የለመደው ሆዱ ጨልሟል፤
ማዘርቦርዱ ጥግ ላይ የጥፍር ያህል ቦታ ከስሏል።
ሁለቱን ዲስኮች ነቅዬ፣ ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁ፤
ይሽከረከራሉ፤ አንድም ክፉ ድምፅ አላገኘሁ።
«ታዲያ ደህና ናቸዋ!» አለ፣ ፊቱ በርቶ።

ደህና ናቸው።
ግን ዮጋይላ፣ አልኩት፣ ፍጥነት ወዶ
እያንዳንዱን ፋይል እንደ ጨርቅ ቀዶ
እኩሌታውን ወዲህ፣ እኩሌታውን ወዲያ በትኗል፤
የቱ ከየቱ እንደሚሰፋ የሚያውቀው ቺፕ ደግሞ ሞቷል።
አንዱ ጋ «እንደ» አለ፣ ሌላው ጋ «ምን» ቀርቷል፤
ሰላምታ መሆኑን ማን ይነግራቸዋል?

ሌላ ሰሌዳ ላይ ብሰካቸው
«ባዶ ናቸው» አለኝ፣ «ልደምስሳቸው?»
እጄን እንደ እሳት ሰበሰብኩ።

ሦስት ሳምንት ፈለግን፣ ያንኑ ሰሌዳ፣ ያንኑ ዓመት፣
እሱ በየፌርማታው፣ እኔ በየአሮጌ ዕቃ ቤት።
በመጨረሻ ሻውሌይ ያለ አንድ የጥርስ ሐኪም
በአርባ ዩሮና በአንድ ማሰሮ ማር ሰጠን፤
ለምን ማር እንደፈለገ አልጠየቅንም።

ሰካሁ። ማራገቢያዎቹ ጮሁ።
ዲስኮቹ ተያዩ፣ ተዋወቁ፤
ልጁ የጥምረቱን ስም ያወጣው እንዲህ ብሎ ኖሯል፦
«አባባ አይንካ»።
ሪማንታስ ሳቀ፤ ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

ፎቶ፣ ደብዳቤ የጠበቅኩ እኔ ነኝ።
እሱ የከፈተው ጨዋታውን ነው፦
ድልድይ፣ ወፍጮ፣ ስምንት ጎጆ፣ አንድ ማሳ።
ዮጋይላ ከክላይፔዳ ወጥቶ መርከብ ላይ ነው፤ በዓመት ሁለቴ ይመጣል፤
አባትየው በየእሁዱ ገብቶ ስንዴውን ውሃ ያጠጣል።
ሌላ ጨዋታ አያውቅም።
«ሦስት ሳምንት» አለ፣ «ሦስት ሳምንት ውሃ አልጠጣም።»

በማግስቱ ሦስተኛ ዲስክ ገዝቶ መጣ፤
አንዱ ሲወድቅ ሁለቱ የሚያነሱት ዘዴ
አለ ብሎታል የዴፖው መካኒክ። አለ።
ይህ ሰሌዳ ግን ለጨዋታ ተወልዶ
ከዜሮና ከአንድ በቀር ቁጥር አልተማረም።
ካርቶኑ ላይ ስድስት ቀዳዳ ብሎ ይምላል፤
ፈጣኑን ቺፕ ከላይ ስትሰካ ግን
አምስተኛውና ስድስተኛው ይደነቁራሉ፤
ይህም ተጽፏል፦ ገጽ ሰማንያ ሁለት፣ በጉንዳን ፊደል።

«ዜሮው ምንድን ነው?»
ሩጫ። አንዱ ከወደቀ የሁለቱም ስንቅ ይፈሳል።
«አንዱስ?»
መስታወት። ለሁለት ትከፍላለህ፣ አንድ ትበላለህ።
«መስታወት አድርጊልኝ።»
አደርጋለሁ፤ ግን መስታወት ዘበኛ አይደለም፤
ፊትህን ብትቆርጥ ቁስሉን ከማሳየት አይመለስም።
ተሳስተህ ማሳውን ብትሰርዝ
እዚያም እዚህም በአንድ ቅጽበት ይሰረዛል፣
አንተን በመታዘዝ።

ሦስተኛውን ዲስክ ከሳጥኑ ውጭ ሰጠሁት፤
በየእሁዱ ገልብጥበት፣ ከዚያ ከቤት አርቀው አልኩት።
ቤትም አንድ ሳጥን ነው።

አሁን በሰባት ቁጥር ላይ ይጓዛል፣ ከሹፌሩ ወንበር ሥር፣
በሱፍ ካልሲ ተጠቅልሎ፣ ከጓንቶቹ ጋር፤
በቀን አሥራ አንድ ጊዜ ድልድዩን ይሻገራል።

ዛሬ ጠዋት ሱቄ ፊት ለፊት መብራት ያዘው።
መስኮቱን አልከፈተም፤ ብርድ ነው።
እጁን ብቻ ከወንበሩ በላይ፣ እስከ ደረቱ አነሣ፣
እዚህ ደርሷል፣ ስንዴው፣
እና ሽቦው ላይ ብልጭታ ጥሎ ሄደ።