ቁጥር ዐሥራ ሰባት

ከኩሪኮ ወዲያ፣ ፖም ተክሎቹ መሀል፣
አንዲት ጠባብ ክፍል ሌቱን ሙሉ ታበራለች፤
ቤተ ሙከራዋ እኔን ኤርሲሊያን ትጠብቃለች።
በበረዶ ሣጥን አርባ አንድ ብልቃጥ ደም ተረክቤ፣
ስም የለም፣ ቁጥር ነው፤
ስም እጅ ያንቀጠቅጣል።

ደም ብቻውን አይመጣም።
ብረቱን፣ ጨዉን፣ የትናንት እራቱን፣
የዛሬ ድካሙን ጭኖ ነው የሚመጣ።
እኔ ከዚህ ሁሉ ገበያ የምሻው አንድ ሠራተኛ ነው፤
ነርቭ ጡንቻውን «ተሳብ» ብሎ ሲያበቃ
ትእዛዙን ቆራርጦ «በቃ» የሚለውን።
የርጭቱ መድኃኒት እጁን ካሰረው «በቃ» ባይ ይጠፋል፤
ዓይን ይጠብባል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ጣት ይርዳል።

አቀጥነዋለሁ፣
ቀዩ እስኪሳሳ፣ የጽጌረዳ እጣቢ እስኪመስል።
ቢጫ አውጪውን ቀድሜ እጨምርና
እጄን አጣምሬ ዐሥር ደቂቃ እጠብቃለሁ፤
ደም የራሱ ቢጫ አለው፣
ያልጠየቅሁትን ወሬ አውርቶ ይጨርስ።
ለቢጫው የሚስማማውን ብርሃን ቀዩም ይጠጣዋል፤
እና ጥቂት ፈቀቅ እላለሁ፣ ወደ ሰማያዊው፣
ቢጫው ቢደበዝዝም ቀዩ ዝም ወደሚልበት።
ያኔ ነው ቀለቡን የምሰጠው፣
ሲቆረጥ ቢጫ የሚረጭ የውሸት ምግብ።

ቢጫው ሰም ነው፤
ወርቁ ፍጥነቱ።
«ምን ያህል ቢጫ ሆነ?» ያለ ተሳሳተ፤
በየደቂቃው ስንት ጨመረ፣ እሱ ነው ነገሩ።
ቀለብ ያልቀመሰውን ብልቃጥ ከላዩ እቀንሳለሁ፣
የተረፈውን አምናለሁ።

ዐሥራ ሰባት ላይ መስመሩ ተኛ።
ደገምኩት።
ተኛ።
ሹፌሩ ፀሐይ ላይ አቁሞት ይሆን?
ሙቀት የገደለውን መርዝ ገደለው ብዬ
የሰው እንጀራ ልዝጋ?
ዐሥራ ስድስትን አየሁ፣ ዐሥራ ስምንትን አየሁ፤
ከዚያው ሣጥን፣ ከዚያው ረድፍ፣
እንደ ፍየል ሽቅብ ይወጣሉ ሁለቱም።
መዝገቡን ገለጥኩ። ከርጭቱ ወራት በፊት
የራሱ ደም መቶ ከነበረ
ዛሬ አርባ አራት ነው።

ጎህ ሲቀድ ለእርሻው አለቃ ደወልኩ።
«ከለቀማው በኋላ አይሆንም?»
«ኢንዛይም ቀጠሮ አያውቅም፣ ጌታዬ።»
ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው፤
ግን ዶሮቴኦን (ስሙን ያን ለት ሰማሁ)
ከመርጫው አንስቶ ሣጥን ጥገና ላይ አዋለው።

በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል፣ እጅጌውን ይሰበስባል፣
«ዛሬስ ምን ያህል ቢጫ ነኝ?» ይለኛል።
ይሳሳታል፤ አላርመውም።
አምሳ ሁለት። አምሳ ዘጠኝ። ስልሳ ሰባት።
የታሰረው እጅ አይፈታም፣
አዲስ ደም ተወልዶ ነው የሚተካው፣
በቀን አንድ እፍኝ፣ ያለ ጥድፊያ።

እሱ ቁጥሬን አያምንም።
እርሳሴን ከጠረጴዛው አንስቶ
ክንዱን ወደ መስኮቱ ይዘረጋል፣
ትንፋሹን ይዞ ጫፉን ያያል።
ጫፉ አሁንም፣
ትንሽ ትንሽ፣
ይነቀነቃል።