የቀይ ነጥብ ካርታ

ከባርሴሎና በታች፣ ባሕር ሚሸትበት፣
ማዘጋጃው ቀጠረኝ ጎጆ ልቆጥርበት።
መሰላል በትከሻ፣ ካርታ በብብቴ፣
ላብ እንጂ ሌላ የለው ይኼ ሹመቴ።

የበቀቀን ጎጆ። አረንጓዴ ለባሽ፣
የባሕር ማዶ ዘር፣ ማለዳ ቀስቃሽ፤
በሽቦ ቤት መጥቶ ለልጅ መጫወቻ፣
በር የተረሳ 'ለት ጀመረ ዘመቻ።

ኢሲድሬ፣ ሽማግሌው፣ ቲማቲሙን ይዞ
ጠበቀኝ ከአጥሩ ሥር፣ አካፋ ተመርኩዞ።
«ወፎችሽ ግማሹን ወግተው ጥለውታል፤
ጥይት ነው መልሱ፤ ቁጥር ምን ያደርጋል?»

ካርታዬን ዘረጋሁ ከጉልበቱ በላይ።
ቀይ ነጥብ ጎጆ ነው። የጥድ ተራራው ላይ
አንድ ጠብታ የለም፤ ወይራው መሐል የለም፤
ከደረቁ ወንዝ ዳር አንድም አልተሳለም።
ነጥቡ ተደራርቦ ደም የመሰለው ቦታ
ሣሩ ውኃ ሚጠጣ በቧንቧ፣ ማታ ማታ፤
ቪላ፣ መዋኛ፣ ሣር፣ ዘንባባ በሰልፍ፣
የካፌ ጠረጴዛ፣ ፍርፋሪው ሚረግፍ።
ጠሪ አክባሪ አይደል? ወፉ ምን አጠፋ፣
ሣር ተጎዝጉዞለት፣ ድግሱ ሲሰፋ?

ሽማግሌው ዝም አለ። መነጽሩን ፈልጎ
ጣቱን ወደ አንዱ ነጥብ፣ ቀስ... ቀስ አድርጎ።
የጥፍሩ ሥር አፈር ካርታው ላይ ረገፈ፤
እፍ ልል አሰብኩና ከንፈሬ ሰነፈ።

«እዚህ የለውዝ ዛፍ ነበር፤ ያባቴ። ሸጥኩት።
ለሮዜር ሠርግ ብዬ በካሬ ቆረስኩት።»

የተወጋች ቲማቲም በእጁ እያዞረ፣
በሸሚዙ ጠረጋት፤ ሊጥላት ነበረ፤
ግማሿን ቆርጦ በላ። ግማሿን ለኔ ሰጠኝ።
በቪላዎቹ በኩል ጩኸቱ ጠራኝ።

ሠላሳ ስምንት ጎጆ።
ቀዩ እስክሪብቶ ሊያልቅ ነው።