የአተላ ሒሳብ

ደምበጫ፣ ከገበያው ግርጌ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣
በርሜሉ ሲያጉረመርም ያድራል፣ ሌሊቱ እስኪጠባ።
እናቴ ባንቺአምላክ እሳቱን ታባብላለች፣
"ከበዛ ያርራል፣ ካነሰም አይወርድ" ትላለች።
እኔ ስምንተኛ ክፍል ነኝ፤ መደመር አያቅተኝ፣
"የቤቱ ጸሐፊ ሁኚ" ብላ ደብተር ገዛችልኝ።

ወጪ ብዬ አሰመርኩ፤ ዳጉሳ፣ በቆሎ፣ ብቅል፣
ጌሾ ሁለት እስር፤ ዘንድሮ እህል ሰማይ ሊነካ ይቃጣል።
እንጨት ሦስት የአህያ ጭነት፤ ሻጩ ላቡን እየጠረገ
"ጫካው ሸሸ" ይላል፤ ዋጋው ግን ደጃችን ድረስ አደገ።

ገቢ ብዬ አሰመርኩ፤ አረቄ፣ ለሆቴሉ በሊትር፣
የቀረው ለሰፈር በመለኪያ፣ የገደፋው በዱቤ ዝርዝር።
ደመርኩ። ቀነስኩ። ገጹን ገልብጬ እንደገና ቀነስኩ።
መቶ አርባ ብር ጎደለ።
"ተሳስተሻል" አለች።
አልተሳሳትኩም።

ያኔ አተላው ወደ ቦዩ ነበር የሚደፋ፣
የጎረቤት ዶሮ ቀምሳው መንገዷ እስኪጠፋ።
አንድ ቀን አንማው መጣ፣ ሁለት በሬ ገዝቶ፣
የጎናቸው አጥንት እንደ አጥር እንጨት ወጥቶ።
"ፋጉሎ አልቻልኩትም" አለ፤ "ከዘይቱ በላይ ተወደደ፤
ይህ የምትደፊው፣ እትዬ፣ ወደ እኔ በረት በወረደ!"

መጀመሪያ በምርቃት ብቻ ወሰደ። በወሩ
ኩበት በጆንያ ይዞ መጣ፣ ለምድጃው፣ ከነፍርፋሩ።
ከዚያ በጀሪካን ተቆጠረ፤ ዐሥራ አምስት ብር።
ሌላ አድላቢ ደጃችንን ባንኳኳ በነጋታው፣ አርባ ብር።
"ዋጋ ማለት" አለች እናቴ፣
"ሁለተኛው አንኳኪ ነው።"

ቦቃው በሬ ትኩሱን፣ ያልበረደውን፣ ባንዴ ጠጥቶ
ተንገዳገደ፤ አጥር ተደገፈ፣ እንደ ገደፋው አምሽቶ።
ሰፈር ሳቀ። አንማው ግን ተማረ፤ ማብረድ፣ በጭድ መለወስ፣
በጣሳ ጀምሮ ቀስ እያለ እስከ ባልዲ መድረስ።

ከአንድ ጥንስስ አራት ጀሪካን፤ አርባ ሲባዛ በአራት
መቶ ስልሳ። የጎደለውን ሞልቶ፣ ሃያ ብር ተረፈ ለራት።
ያን ሌሊት እስክሪብቶዬን ይዤ በርሜሉን አየሁት፤
አረቄው ነው ለካ ተረፈ ምርቱ፤ አተላው ነው የቤቱ ሀብት።

ጾም ገባ። ሥጋ ቤቱ ተዘጋ፣ የበሬ ዋጋ ተኛ፤
በሬ ግን አይጾምም።
አንማው ደጅ ላይ ቆመ፤ "ለፋሲካ እከፍላለሁ፣ አንቺው ዳኛ።"
ሃምሳ አምስት ቀን፣ በቀን ሁለት ጀሪካን፤
አራት ሺህ አራት መቶ።
ስጽፈው እጄ ፈራ።

በዚያው ሰሞን ገደፋው ቦዩ ዳር ወድቆ ሲያንኮራፋ፣
"የሰው አተላ!" አለው አንድ መንገደኛ፣ እየተፋ።
እናቴ ሳቀች፦ "ዋጋውን ቢያውቅ ባልሰደበበት!"
እኔ አልሳቅኩም። ሚስቱ ጥሩዘር፣ ልጅ አዝላ፣
ደጃችን ቆማ ነበር፣ ምንም ሳትል።
ደብተሬን ገለበጥኩ፤
ወጪ አለ። ገቢ አለ። ዱቤ አለ።
እሷ የምትገባበት ዓምድ የለም።

በሕማማቱ ማክሰኞ ቦቃው በአይሱዙ ተጫነ፣
ያ አጥር የመሰለ ጎኑ በሥጋ ተከደነ።
አንማው ባዶ ገመድ ይዞ መጣ፤ አራት ሺህ ቆጠረ፣
"አራት መቶውን ለበዓል ተዪልኝ" ብሎ ተከራከረ።
ተወችለት።
"ምን ብዬ ልጻፈው?" አልኳት፤ "ኪሳራ ወይስ ምርቃት?"

"ዝጊው" አለች፤ "ይልቅ ብቅሉን አገላብጪ፣ እንዳይሻግት።
ለጥሩዘርም አንድ ጀሪካን አስቀሪ፤
ላም አላት።
ሳትጽፊ።"

ሳልጽፍ አስቀረሁ።
በዚያ ጥንስስ ሃያ ብር ጎደለብን።