ገና ነው

ሻም ሹይ ፖ ሰፈር፣ ሰባተኛው ፎቅ ላይ፣
መስኮቷ የጎረቤት ግንብ እንጂ ሰማይ የማታሳይ
ቤት ነበረችን፤ ለሦስት ሰው አንድ ቁም ሳጥን፤
እሱም የእናቴ ነበር፤ አባቴ አንድ እሑድ ገብቶ እስኪቀማት ሥልጣን።

ቀሚሷን፣ ሹራቧን፣ ካፖርቷን አውጥቶ
አልጋ ሥር ወሸቀ፤ ካርቶኑን ፈትቶ
መደርደሪያውን ሞላ፦
ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ ጠንካራ፣ የሊፍት መዘውር የሚያክል
(ሊፍት ጠጋኝ ነበርና ሁሉን በመዘውር የሚመስል)፣
በስስ ወረቀት የተጠቀለለ፣ ሰባት ሰባቱ ባንድ ላይ
በቀርከሃ ቅርፊት የታሰረ የዩናን ተራራ ሻይ።

«ፑኧር ነው» አለን።
«ሻይ ታዲያ» አለች እናቴ፣ «ይጠጣል እንጂ ይቀበራል?»
«ይሄ ገና ነው፤ ልጅ ነው፤ ዛሬ ቢቀምሱት ይመራል።
ሃያ ዓመት ይቀመጥ፤ ጨለማ ይብላ፣ እርጥበት ይጠጣ፤
ያኔ ራሱ ይጠራናል ሰዓቱ ሲመጣ።»

ከዚያ ወዲያ የደረቀ ዓሣ ከቤታችን ተሰደደ፣
የትንኝ ማባረሪያ ጭስ ዳግመኛ አልነደደ፤
የእናቴም የጉልበት ቅባት፣ ያ ካምፎር ካምፎር የሚለው፣
«ደረጃ ላይ ወጥተሽ ተቀቢ፤ ሻይ ጠረን ሰብሳቢ ነው።»
«እሺ» አለች እናቴ።
እሺታዋ ፈጠነብኝ።

በመጋቢት የባሕሩ ነፋስ እርጥበት ተሸክሞ ሲገባ፣
ወለሉን ላብ ሲያልበው፣ መስተዋቱ ሲያነባ፣
አባቴ መስኮት ይዘጋል፤ እርጥበት መለኪያውን ያያል፤
በጥገና ደብተሩ ጀርባ ቁጥር ይጽፋል፦
ሰባ አንድ። ሰባ ስምንት። ሰማንያ አራት፤ ክፉ ቀን።
አንድ ዓመት ነጭ ሻጋታ አንዱን ጠርዝ ወረረብን፤
የሕፃን ፀጉር ብሩሽ ገዝቶ ቀስ እያለ ጠራረገው።
ኩፍኝ ይዞኝ ነበር ያን ሳምንት፤
እኔን እናቴ አስታመመችኝ፤ እሱን እሱ አስታመመው።

በየዓመቱ፣ መከር ሲገባ፣ በወስፌ ቆንጥሮ ያፈላል፤
ሁለታችን አፉን እናያለን፤ ይጎነጫል፤ ይቆያል፤
«ገና ነው» ይላል።

ፈተና ወድቄ መጣሁ፦ ገና ነው።
ዪክ ሳም የሚባል ወንድ ይዤ መጣሁ፤ ጨበጠው፤
ሻይ ቀዳለት፤ ስለ ኬብልና ስለ ፍሬን አወጉ፤ ከሄደ በኋላ፦
ገና ነው።
(ዪክ ሳም እስኪበስል አልጠበቀም፤ አገባ ሌላ።)

በሃያ ሦስተኛው ዓመት
ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ወጣ፤ መነጽሩን አወለቀ፤
እናቴን አያትና «ደርሷል» አላት።
ያ ቃል በኛ ዘንድ ሲነገር
የመጀመሪያ ቀኑ ነበር።

አርባ ዘጠኙ ቀን እንዳለፈ ነጋዴው ኩዎክ ሎይ
ሚዛኑን በብብቱ ይዞ መጣ፤
ቆነጠረ፤ አጠበ፤ አፈላ፤ ሲኒው ላይ ጎንበስ ብሎ
እስትንፋሱን ሳያወጣ
ቆየ። ቀለሙ የደረቀ ቀይ ቴምር፣
ጠረኑ ዝናብ ያረፈበት እንጨት፤ ደግሞ ከሥር፣ ከሩቅ…
«ካምፎር!» አለ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።
«ዱር ውስጥ በካምፎር ዛፍ ጥላ ሥር የበቀለ ነው መሰለኝ።
ወይዘሮ፣ የሁለት ዓመት ኪራይ ልክፈል፤ ዛሬውኑ ይስጡኝ።»

እናቴን አየኋት። እናቴ ወለሉን አየች።
ከታችኛው መደርደሪያ ጥግ
አንዲት አረንጓዴ የቅባት ቆርቆሮ፣ ክዳኗ ያልገጠመ፣
ብቅ ብላ ነበረች።
ሃያ ሦስት ዓመት።
ደረጃው ብርድ ነው፤ ለጉልበት አይሆንም።

ከፍል ውኃ በቀር የማትጠጣው እናቴ ሲኒውን አነሣች፤
ተጎነጨች፤ ቆየች፤
ግንባሯ ሲፈታ አየሁ፤ መልሳ ደግሞ ተጎነጨች።
ነጋዴው ካልኩሌተሩን ይዞ ይጠብቃል።
«ገና ነው» አለችው።

ሌሊት የሳጥኑ ማጠፊያ ሲያቃስት ነቃሁ።
በሩን ብርግድ አድርጋ ከፍታ
ጉልበቷን ታሻለች፤ አትቸኩልም፤
ደብተሩ አጠገቧ ተዘርግቷል፤ በሷ እጅ ጽሑፍ፦
ሰባ አራት። ደህና ቀን።