የጋሻው መስኮት

ኖንሳን በር ላይ ተሰለፍኩ፣ ራሴ እንደ ድንች ተልጦ፤
የእናቴ አንገት ብቻ ይታየኛል፣ ከሰው ትከሻ አምልጦ።
የማሳን ወደብ ዓሣ ሻጭ፣ ጣቷ በጨው የነደደ፤
"ወዶ ነው ወይስ ተገዶ?" ያላት የለም፤ ልጇ ሄደ።

የጠራኝ ወረቀት ነው። "ድንበር ትጠብቃለህ" አለ።
ድንበር አውቃለሁ፤ ሽቦ አለ፤ ከሽቦው ማዶ ጠላት አለ።
አባቴም ጠብቆታል፤ ሁለት የእግር ጣቱን በረዶ በልቶታል፤
ሲሰክር ካልሲውን አውልቆ፣ "ይኸው ጡረታዬ" ይላል።

በስድስተኛው ሳምንት፣ ማታ፣ በፉጨት ተቀሰቀስን፤
ስም ተነበበ። ገሚሱ ወደ ተራራው፤ እኛ ቀረን።
ዕጣ ይሁን የመዝገብ መስመር፣ ዛሬም ድረስ አላወቅሁ፤
ብቻ ወታደር ሆኜ ተኛሁ፣ ፖሊስ ሆኜ ነቃሁ።

"ሽቦው የት ነው?" አልኩ እንደ ሞኝ። አሥር አለቃ ማ ሳቀብኝ፤
ቁጥር አርባ አንድ ጋሻ አንስቶ፣ ደረቴ ላይ ለጠፈብኝ።
"ድንበሩ እዚህ ነው" አለኝ፣ "አንተ የቆምክበት፤
ከፊትህ ያለው ማዶ ነው።"
ማዶው፦ ፋርማሲ፣ ጫማ ሰፊ፣ አንድ የሾርባ ቤት።

ጋሻው መስኮት ነበረው፣ የመዳፍ ያህል፣ የተጫረ፤
በዚያ ሲያዩት የሰው ልጅ፣ አፍ ብቻ ወይ ዓይን ብቻ ነበረ።

ሰኔ ላይ ተማሪው ወጣ። አስለቃሹ ጭስ ተተኮሰ።
ከዓይናቸው ሥር የቀቡት የጥርስ ሳሙና፣ ከላብ ጋር ፈሰሰ።
ከነጩ ፊት ሁሉ መሐል አንዱን፣ በአገጩ ጠባሳ ለየሁት፤
ቺልሶንግ ነው፣ ሒሳብ ያስኮረጀኝ፣ ዴስክ የተጋራሁት።
ትምህርት ላይ ነው ተብሎ፣ ጥሪው ለዓመት ተላልፎለታል፤
ለከርሞ ይኸው ጋሻ፣ ይኸው ቁጥር፣ ለሱ ይሰጠዋል።

እሱ ድንጋይ፣ እኔ ዱላ። ወደን አይደለም ሁለታችንም፤
ወይም እሱ ወዶ ይሆናል፤ ጠይቄው አላውቅም።
ድንጋዩ መስኮቴን መታው። ከኋላዬ "ግፋ!" አለ ማ።
ዱላዬ ወረደ።
ትከሻ ይሁን ጆሮ፣ በተሰነጠቀ መስታወት አይታይማ።

እሑድ እናቴ ጋ ደወልኩ። "ድንበሩ ይበርዳል?" አለች።
"ይበርዳል።"
"በሰኔም?"
"በሰኔም።"
ዝም አለች። "ካልሲ እልካለሁ" አለች።

ዛሬ ጥሪው ለልጄ ደርሷል፤ ጠረጴዛው ላይ፣ ከጎመን ማሰሮው ጎን።
ዳኡል ይሟገተኛል፦ "የፈለገ ይሂድ፣ በደመወዙ። እኛ ምን ቤት ነን?"
ግድ የለም፣ እለዋለሁ። ግድ የሌለበት ጦር መልካም ነው፤
ግን "በውድ" ሲባል፣ ልጄ፣ በፍቅር መስሎህ ነው?
ውድ ማለት ዋጋም ነው። ያንን የሚከፍለው ማነው?
የባንክ ኃላፊው ልጅ አይደለም። የዓሣ ሻጯ ነው።

እንጃ። ለአንዱም ጠበቃ አልቆምም።
ብቻ አንድ ነገር እለምናለሁ፣ ወረቀቱን የሚጽፉትን፦
ለሽቦ የጠራችሁትን ልጅ፣ ሾርባ ቤት ደጅ አታቁሙብን።
"ያማ ቀርቷል፣ አባዬ፤ ፖሊስ አሁን ተፈትኖ ነው፣ ወዶ።"
ቀርቷል። ደግ።
ሁሉም ነገር ይቀራል፣ በሰው ላይ አንዴ ካለፈ፣ ከሄደ።

ቅዳሜ ማታ ከቺልሶንግ ጋር፣ ወደቡ ዳር እንጠጣለን፤
ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ዓሣ ዋጋ፣ ስለ ልጆች እናወራለን።
እሱን ጦሩ አልወሰደውም። የምልመላው ሐኪም መለሰው፤
"ባለውለታዬ" ይለዋል ግራ ጆሮውን፣ ሲሞቀው።
ሁልጊዜ በግራዬ ይቀመጣል፣
ደህናውን፣ የቀኙን፣ እንዲሰጠኝ።
ማን እንደመታው አልጠየቅሁትም።
እሱም እስከ ዛሬ አልነገረኝ።