መርፌዋ የቆመች ለት

ነሐሴ ነው፤ አራዳ ላይ መብራት ጠፍቷል እንደ ልማዱ፣
አባቴ ሲንጀር ይረግጣል፤ ለእግሩ አይጨልምም መንገዱ።
መርፌዋ በቀን እንኳ ጉም ናት፣ ስትወጣ ስትወርድ፤
ድንገት ከጎሃ ወዲያ መብረቅ፣ ሰማዩን ለሁለት ሲቀድ፣
መርፌዋ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ክሩ በዓይኗ ሲታይ፣
የጣሪያው ጠብታም ቆመ፣ ተንጠልጥሎ አየር ላይ።

«አየሽ?» አለኝ አዛናው፣ ዳግም ጨለማ ሲውጠን፣
«እሷስ ቆማ አታውቅም፤ ብርሃኑ ነው ያጠረብን።»

ዛሬ ቴዎድሮስ ግቢ፣ ከተሰነጠቀው ሰሌዳ ፊት፣
ያቺኑ መርፌ አስተምራለሁ፤
ሌዘር የለኝም፣ ጠመኔ ነው ያለኝ ሀብት።
«ፌምቶ ሰከንድ» እላለሁ። ይጽፋሉ፦ ዜሮ፣ ነጥብ፣
ዐሥራ አራት ዜሮ፣ ከዚያ አንድ።
ፊታቸው ላይ ግርታ ሲያንዣብብ፣
«ከአዘዞ ፒያሳ» እላለሁ፣ «ሳይባል የሚደርስ ብርሃን፣
በመቶ ፌምቶ ሰከንድ አንዲት ፀጉር አይሻገርም፤
እስኪ ያዙልኝ ይህን።»

ጋሻነህ እጁን አወጣ፦ «ታዲያ በየትኛው ሰዓት ይለካል?»
ሰዓትማ የለም፣ ልጄ። መስታወት አለ፤ በቅንጣት ርቀት ይሸሻል፤
አንዱ የብርሃን ምት ሞለኪውሏን ይቀሰቅሳል፣
ሌላው ረጅሙን መንገድ ዞሮ፣ ዘግይቶ፣ «ምን ሆነሽ?» ይላል።
መልሷን ጽፈን መስታወቱን ደግሞ ትንሽ እንገፋለን፤
ሌላ ሞለኪውል፣ ያው ጥያቄ፤ ሺህ ጊዜ እንመላለሳለን።
ፊልሙ የአንዲቷ አይደለም፤
ከብዙ ቁርጥራጭ ነው ሰፍተን የምናወጣው፤
ይህን ስል ጣቴ ሳላዘው ክር ያሾራል፤
የማን እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው።

ባለፈው ኅዳር ሆስፒታል፣ የአባቴን ሞራ ገፈፉለት፤
ሲስተር አትክልት ማለዳ ፋሻውን ፈታችለት።
መስኮቱ ክፍት ነበረ። እኔ ግን የማየው ፊቱን፣
የማስበው ከዓይኑ ግርጌ፣ ያቺን ሞለኪውል ብቻዋን፦
ብርሃን ገና ሲነካት፣
በሁለት መቶ ፌምቶ ሰከንድ ተጠምዝዛ ስትታጠፍ።
ማየት የሚባለው ሁሉ ከዚያች እጥፋት ይጀምራል፤
ነርቩም፣ ስሙም፣ ትዝታውም፣ ኋላ ተጎትቶ ይደርሳል።

ቆጠርኩ። አንድ ሰከንድ። ሁለት።
ዝም።
ሦስት። አራት።
ለሞለኪውሏ ይህ ዘላለም ነው፤ ለእኔም ቢሆን አላነሰ።
እንባ ይሆን? ምርቃት ይሆን? አፌ ቀድሞ ተለጎመ፤
ዓይኑ ከፊቴ ወረደ፣ እጉልበቴ ላይ ቆመ፦

«ጠርዙ ተተርትሯል» አለኝ፣ «ማነው ይህን የጠቀመ?»